በንግድ ጉዞ ላይ የራት ጠረጴዛን አስቀድሞ ስለ ማስያዝ

ለንግድ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ቪዛውን ሳያስመታ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን ሳይቆርጥና የሚያድርበትን ሆቴል ሳያረጋግጥ ከቤቱ አይወጣም። የሚበላበትን ሥፍራ በሚመለከት ግን ብዙው ነጋዴ «ገንዘብ የያዘ ሰው የትም አይራብም» በማለት ነገሩን ለዕድል ይተወዋል። ጥቂቶች ደግሞ በተቃራኒው ገና አዲስ አበባ ሳሉ የዐሥር ቀን ምሳና ራት በስልክ አስይዘው ይነሣሉ። የመጀመሪያዎቹ ክብራቸውን፣ ሁለተኞቹ ገንዘባቸውን ለጉዳት ስለሚያጋልጡ፣ የትኛው ማዕድ አስቀድሞ ሊያዝ እንደሚገባውና የትኛው እንደማይገባው መለየት ያሻል።

ነጋዴው ለራሱ ብቻ የሚበላው ምግብ ቀጠሮ አያስፈልገውም። ቀጠሮ የሚያስፈልገው እንግዳ የሚጋበዝበት ማዕድ ነው። ይህም ብዙ የኢትዮጵያ አስመጪዎች በሚመላለሱባት በጓንዡ ከተማ በግልጥ ይታያል። በቀድሞው ስሟ ካንቶን ትባል የነበረችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ትልቁን የንግድ ትርዒት ታስተናግዳለች። ትርዒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከኤፕሪል 15 እና ከኦክቶበር 15 ጀምሮ የሚከፈት ሲሆን፣ እያንዳንዱ በሦስት ክፍል ተከፍሎ ክፍሉ አምስት አምስት ቀን ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረጉት በሁለቱም ጊዜያት፣ በእያንዳንዱ ከ200 ሺህ የሚበልጡ የውጭ አገር ገዢዎች ተገኝተዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ማታ ከአዳራሹ የሚወጣው በተቀራረበ ሰዓት ነው። የከተማው ሰውም ራቱን የሚበላው ቀደም ብሎ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ እንግዳውና ባላገሩ በምግብ ቤቱ በር ላይ ይጋጠማሉ።

እንግዲህ አንድ የቤት ዕቃ አስመጪ ሁለት ጊዜ የጋበዘውን የፋብሪካ ባለቤት በተራው ሊጋብዝ ፈለገ እንበል። ባለፋብሪካው ሥራ አስኪያጁንና አስተርጓሚውን አስከትሎ ይመጣል። በመጀመሪያው ቤት ተራ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። አንድ ሰዓት ያህል በእግራቸው ከቆሙ በኋላ ባለፋብሪካው በጨዋነት ስልኩን አውጥቶ ከሚያውቀው ቤት ክፍል ያስይዛል፤ እዚያም ሲደርሱ ሒሳቡን ማንም ሳያየው ቀድሞ ይከፍላል። በማግሥቱ ጧት ስለ ዋጋ ክርክር ሲጀመር፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሰው ራት የበላው አስመጪ አንደበቱ ይለዝባል። በአንድ ዕቃ ላይ ሊያስቀንስ ያሰበውን ጥቂት ሳንቲም ለመጠየቅ ያፍራል። ያች ሳንቲም በአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ስትባዛ የስንት ራት ዋጋ እንደምትሆን ለነጋዴ ማስላት አያስፈልግም።

በዚያ አገር ለክብር እንግዳ የሚያዘው ክብ ጠረጴዛ ያለበት የተለየ ክፍል ነው። ክፍሉ ኪራይ ባይጠየቅበትም ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች አይታዘዝበትም ተብሎ የተወሰነ ዋጋ ስላለው፣ ያንን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስልኩን የሚደውለው ቻይንኛ የሚናገር ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ይህን በደስታ ይፈጽማል። የተጋባዡን ጸሐፊ አስደውሎ ክፍል ማስያዝ ግን ግብዣውን መልሶ ለተጋባዡ ማሸከም ነው።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ከሌላው አገር ነጋዴ የተለየ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ጾም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደዩ ትርዒት በተከፈተበት ዕለት ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ትርዒቱ ከመጀመሪያው እስከ ዋዜማው በዐቢይ ጾም ውስጥ ውሎ፣ የተዘጋበት ሚያዝያ 27 ቀን ራሱ የትንሣኤ በዓል ነበር። የበልጉ ወራት ጾም እንኳ ባይገጥም፣ በጥቅምቱ ትርዒት ጊዜ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ጽጌን ለሚጾም ሰውማ ሙሉው ጾም ነው። በጓንዡ ምግብ ቤት «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ ለጿሚ አይበቃም፤ ጎመኑ በዓሣማ ስብ ሊጠበስ፣ በዶሮ መረቅ ሊበስል፣ ከላዩም ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት የተሠራ ስጎ ሊፈስበት ይችላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንት ይቆይ።) መፍትሔው በዚያች ከተማ የሚገኙትን የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ሥጋ የማይገባባቸውን ምግብ ቤቶች አስቀድሞ መፈለግ ነው። እስላም ነጋዴም ሐላል ምግብ የሚያቀርቡ የቻይና እስላሞች ምግብ ቤቶችን አያጣም፤ በተለይ አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት በሺያኦቤይ ሠፈር ሞልተዋል። ነገር ግን ትንንሾቹ ቤቶች ስምንት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ለማስቀመጥ ስለማይመቹ፣ ግብዣ ከሆነ ቀደም ብሎ መንገር ግድ ነው። ይህን ሳያስብ የሄደ ጋባዥ በራሱ ማዕድ ላይ ሻይ ብቻ ሲጠጣ ያመሻል፤ እንግዶቹም ምግቡ አልጣመውም ብለው ያዝናሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ቀጠሮ የሚያበላሸው ግን ሰዓትና ቀን ነው። ነጋዴው ጸሐፊውን «ከምሽቱ በ1 ሰዓት አስይዝልኝ» ብሎ ሲያዝዝ፣ ጸሐፊው ቁጥሩን እንዳለ ካስተላለፈው ጠረጴዛው የሚያዘው ለቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። ጋባዡ ማታ ሲደርስ ጠረጴዛው በምሳ ሰዓት ባዶውን ውሎ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስለዚህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 19:00 ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል። የወሩም ስም እንዲሁ ያሳስታል፤ ጥቅምትን በኦክቶበር ተርጉሞ «ጥቅምት 5» የሚለውን ኦክቶበር 5 ብሎ የጻፈ ሰው ዐሥር ቀን አስቀድሟል። የጓንዡ ሰዓት ከአዲስ አበባው በአምስት ሰዓት እንደሚቀድምም መርሳት አይገባም፤ ከአዲስ አበባ ቢሮ ከቀኑ በ10 ሰዓት የተደወለ ስልክ እዚያ የሚደርሰው ከምሽቱ በ3 ሰዓት፣ አስተናጋጁ ወገቡ በደከመበት ጊዜ ነው።

ሁሉን ማዕድ አስቀድሞ ማስያዝስ? ይህ ከጥንቃቄ የመነጨ ቢመስልም የነጋዴን ኑሮ ያላገናዘበ ነው። የነጋዴ ቀን የራሱ አይደለም። በፎሻን ከተማ የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ ለማየት ለግማሽ ቀን የሄደ ሰው ናሙና ሲያወዳድር መሽቶበት ሊያድር ይችላል፤ ቪዛም ይዘገያል፣ አውሮፕላንም ያረፍዳል። ያን ጊዜ በየምግብ ቤቱ የተያዘው ጠረጴዛ ባለቤቱን ሲጠብቅ ይቀራል። ባለ ምግብ ቤት ደግሞ ነጋዴ ነው። ዕቃ አዝዞ ሳያነሣ የጠፋ ደንበኛ ምን እንደሚያደርስ ባለ ሱቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ያልተነሣ ሳህንና ብርጭቆ ለሌላ ቀን ይሸጣል፣ ያልተበላ ዓሣ ግን ይጣላል። በቶኪዮ ከተማ ስምንት ወይም ዐሥር ሰው ብቻ የሚያስቀምጡ የሱሺ ቤቶች ዓሣቸውን የሚገዙት በተያዘው ሰው ቁጥር ልክ ነው። ብዙዎቹም ሳይነግር ከቀረው ሰው የራቱን ሙሉ ዋጋ ከባንክ ካርዱ ላይ ይቆርጣሉ፤ አላበዙም። በብዙ ድካም የተገኘ የውጭ ምንዛሪ ላልተበላ ራት ሲከፈል ማየት ግን ያሳዝናል። እንግዲያው የሚያዘው ጠረጴዛ በርግጥ የሚኬድበት ብቻ ይሁን፤ መቅረት ግድ ከሆነም ከአንድ ቀን በፊት መንገር ያስፈልጋል። ቀብድ ሲጠየቅ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ሳያነቡ የካርድ ቁጥር መስጠት ከነጋዴ የማይጠበቅ ነገር ነው።

የቀረው ምሳና ራት ነጻ መሆኑ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። በሺያኦቤይ ተራ ምግብ ቤት ገብቶ ከማያውቃቸው ነጋዴዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው የኮንቴይነር ጭነት ዋጋ መውጣትና መውረዱን፣ የትኛው አቅራቢ ናሙናውን አሳምሮ ጭነቱን እንደሚያበላሽ ከጋዜጣ ቀድሞ ይሰማል። ይህን ወሬ በተለየ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው አያገኘውም።

ስለ ሌሎች አገሮች ሁለት ነገር ማስታወስ ይበቃል። በዱባይ በረመዳን ወር ማዕድ ለሁሉም በመግሪብ አዛን በአንድ ጊዜ ስለሚቀርብ፣ ሌላው በልቶ እስኪነሣ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ እንግዳ የሚያስፈጥር ሰው ሥፍራውን ቀደም ብሎ ይያዝ። በሚላኖ ደግሞ በኦገስት ወር አጋማሽ ብዙ ምግብ ቤቶች ለዕረፍት ስለሚዘጉ፣ ለቆዳም ሆነ ለማሽን ጉዳይ በዚያ ወቅት የሚሄድ ነጋዴ የመረጠው ቤት ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ነገሩ ወደ አገር ቤትም ይመለሳል። ቡና ላኪው ከአውሮፓ ወይም ከጃፓን የመጣ ገዢ በእንግድነት ሲቀበል፣ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ለማስያዝ ይደውላል፤ «እሺ ጌታዬ፣ ይኑሩ፣ ሥፍራ አይጠፋም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሲደርስ ግን ሥፍራው ጠፍቷል። በተለይ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ከተማው በእንግዳ በሚጨናነቅበት ጊዜ፣ ይህ የቃል ተስፋ የላኪውን ፊት ያስጠቁራል። ጥፋቱ ከአስተናጋጁ ክፋት የመጣ አይደለም፤ ስልኩን ያነሣው ሌላ፣ እንግዳውን በር ላይ የሚቀበለው ሌላ በመሆኑ ነው። ስልክ በሚነሣበት ሥፍራ አንድ ደብተር ተቀምጦ የጠሪው ስም፣ የሰዉ ቁጥር፣ ሰዓቱና የጾም መሆን አለመሆኑ ቢጻፍበት፣ በር ላይ የሚቆመውም ማታ ማታ ያንኑ ደብተር ቢገልጥ፣ ለባለ ምግብ ቤቱ የሚያስወጣው ገንዘብ የደብተሩ ዋጋ ብቻ ነው።