ሸክላ እንጀራ አይደለም

ባሕር ዳር፣ አንድ ወዳጄ ቤት፣ የአባቱን ሸክላዎች አየሁ። ከትኩስ ቆርቆሮ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ እንደ እንጀራ ተነባብረዋል። የታችኞቹ ጎብጠዋል፤ እርጥበት የገባበት ሽፋናቸው ሻግቷል። እሱ ግን «ድሮ ቀረ!» እያለ ይተክዛል። ድሮ አልቀረም ጌታዬ፤ አንተው ነህ ያጎበጥከው!

አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ትልቅ ድፍረት ነበር። ያን ዘመን ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» ብሎ በሲዲ የሰበሰበው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የገዛ ዜማችንን ከፓሪስ ገዛን።

«አቅም የለንም» እንዳትሉኝ። ሸክላን እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ማቆም፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ማራቅ፣ ከነሽፋኑ ማኖር፣ ሲያወጡት ጠርዙን መያዝ ስንት ብር ይፈጃል?

እዚያው ማዶ፣ ጣና ደሴቶች ላይ፣ መነኮሳቱ ብራናውን በማኅደር ከትተው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ስንት መቶ ዓመት አሻግረውታል። እኛ ባለዲግሪዎቹ አንዲት ሸክላ ሃምሳ ዓመት ማሻገር አቃተን። ትዝታ ማንጎራጎር ቅርስ መጠበቅ አይደለም። እስቲ ዛሬ ማታ ሸክላዎን ያቁሙ፤ ትካዜው ይደርሳል።