ስም ማጥፋት በአንቲቫይረስ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በሕንፃዎቹ ላይኛ ፎቅ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ለፋርማሲ የመድኃኒት መመዝገቢያ፣ ለትምህርት ቤት የውጤት ካርድ፣ ለትንሽ ድርጅት ፔይሮል ይጽፋሉ። ደንበኞቻቸው ሾላ ገበያ፣ ላምበረት፣ ከእንጦጦ ግርጌ ፈረንሳይ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ናቸው። ከውጭ የሚመጣው ፕሮግራም ጳጉሜን አያውቅም፤ የእነሱ ያውቃል። ዛሬ ስለ እነሱ የምጽፈው እንጀራቸውን የሚነካ በደል ስላለ ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ያስተካከለውን ፕሮግራም በፍላሽ ወስዶ ወይም በቴሌግራም ልኮ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ይጭናል። በማግስቱ የፋርማሲዋ ባለቤት ትደውላለች፦ «ያመጣህልኝ ነገር ቫይረስ ነው ይላል፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል።» ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው። አንቲቫይረሱ ግን ጠርጥሮ በልቶታል። ልጁ ታክሲ ይዞ እስከ ፈረንሳይ ይወጣል፣ መልሶ ይጭናል፣ ያስረዳል። የሴትዮዋ ልብ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ገንዘቧንና ዕዳዋን የመዘገበችበት ፕሮግራም በቀይ ጽሑፍ ሌባ ተብሏልና። ይህን ተራ የቴክኒክ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የሰው ስም ጠፍቷል።

የዛሬ አንቲቫይረስ የታወቁ ቫይረሶችን ዝርዝር ብቻ ይዞ አይሠራም፤ ጠባይ አይቶ ይገምታል። በፓይተን ጽፎ በፓይኢንስቶለር ወደ አንድ ፋይል ያጠቃለለ ሰው፣ ቫይረስ ጸሐፊዎችም ያንኑ መሣሪያ ስለሚወዱት፣ አብሮ ይጠረጠራል። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምማ በባሕርዩ ለጥርጣሬ የተጋለጠ ነው። ሁለት ቁልፎችን አጣምሮ «ሉ» ወይም «ሊ» ለማውጣት የተጠቃሚውን እያንዳንዱን የቁልፍ ምት መከታተል አለበት። የይለፍ ቃል ሰራቂም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ሕንፃ መግቢያ ላይ ፈታሽ ተሳስቶ ቢያቆምህ ቦርሳህን ከፍተህ ታሳየዋለህ፣ ያሳልፍሃል፤ ከዚህኛው ፈታሽ ጋር ግን መነጋገር የለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ አመኔታ በሰው ብዛት መለካቱ ነው። የዊንዶውሱ ስማርትስክሪን ብዙ ሰው ያላወረደውን ፋይል «አይታወቅም» ብሎ ያስጠነቅቃል። 40 ፋርማሲዎች ብቻ የሚገለገሉበት ፕሮግራም ያን ብዛት ከየት ያመጣል? ዲጂታል ፊርማ የሌለው ፋይል ደግሞ በታደሰ ቁጥር እንደ እንግዳ ይቆጠራል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ ፔይሮል ሁሉ መታደስ ነበረበት። ሕግ አክብሮ ማደስ ራሱ ለአዲስ ጥርጣሬ በር ይከፍታል።

«ታዲያ ፊርማውን ለምን አይገዙም?» ትሉ ይሆናል። ፊርማው በየጊዜው የሚታደስ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ነገር ነው። ከግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፊርማው ቁልፍ በልዩ የደህንነት ሃርድዌር ውስጥ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ይነካሉ። መስከረም 19 ቀን 2004 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ ጉግል ክሮምን የባንክ መረጃ ሰራቂ ነው ብሎ ከሰዎች ኮምፒውተር አስወገደው፤ እርማቱ በዚያው ቀን ወጣ። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. የአንቲቫይረስ ኩባንያው ማካፊ የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ ዋና ፋይል ቫይረስ ብሎ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲያቆም፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለቤት ተጠቃሚዎች የጥገና ወጪ እመልሳለሁም አለ። የኮተቤው ልጅ ግን የሚያገኘው የአቤቱታ ቅጽ ነው። ፕሮግራሙን ወደ 70 የሚጠጉ አንቲቫይረሶች የሚመረምሩበት ቫይረስቶታል ላይ ይጭነዋል፤ የጠረጠሩት አምስት ከሆኑ ለአምስት ኩባንያዎች አቤቱታ ይጽፋል። በሚቀጥለው እድሳት እንደገና ይጽፋል።

ሲሰለቸው «አንቲቫይረሱን አጥፊው» ይላል። እዚህ ላይ ከልጁ ጋር አልስማማም። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ከተማ አንቲቫይረስ ያስፈልጋል፤ የጠፋበት ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው ተጎጂ ያው የፋርማሲዋ መዝገብ ነው። ግን ወደዚህ የገፋው ማን ነው? በሐሰት የከሰሱት ናቸው።

መንግሥት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ተነሥቷል። መልካም ነው። የሠለጠኑት ፕሮግራም ጽፈው ሲሸጡ የሚጠብቃቸው ግን ይህ የሐሰት ክስ ነው። እንጦጦ ላይ የሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያ ያቆመች አገር፣ የልጆቿን ፕሮግራም መርምሮ «ይህ ንጹሕ ነው» የሚል ደብዳቤ ለአንቲቫይረስ ኩባንያዎች የሚጽፍ አንድ ክፍል መክፈት አያቅታትም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይህን ሥራ በአነስተኛ ክፍያ ቢጀምረው፣ አንድ ወጣት ለብቻው የሚጽፈው አቤቱታ የተቋም ክብደት ያገኛል።

እናንተም ደንበኞች፣ ቀዩን ማስጠንቀቂያ ስታዩ ፕሮግራሙን ለሠራላችሁ ልጅ ሳትደውሉ ፋይሉን አታጥፉ፣ በስሙም ላይ አትፍረዱ። እሱ ራሱ የላከው ፋይል መሆኑን ካረጋገጣችሁ ለዚያ ፋይል ብቻ ፍቀዱለት፤ አንቲቫይረሱን ግን አትዝጉት።