ከመናኸሪያው እስከ አምልኮው



ከጉደር እስከ አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም አስፋልት። እሁድ ጠዋት ግን ይህ አጭር መንገድ ይረዝማል፤ ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳምና። በገበያ ቀን ሰው ተጋፍቶ ይገባል፤ እሁድ በማለዳ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አራት ሰው ይጠብቃል። መጽሐፍ ቅዱሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች እናት ወርዳ ሌላ እንዳትይዝ ሌላ መኪና የለም። አምቦ ስትደርስ ደግሞ ባጃጅ ይቀራታል።

በሩ ላይ ስትደርስ ዝማሬው አልቋል። ከመድረክም ስለሚያረፍዱ ምእመናን ተግሣጽ ይቀበላታል። ተግሣጹ ቤቱ ከአጥቢያው አጥር አጠገብ ሆኖ ለሚያረፍድ ሰው ይገባዋል። እርሷ ግን ከብዙዎቻችን ቀድማ ከቤቷ ወጥታለች።

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የወንጪ ሐይቅ አለ። በደሴቱ ላይ ወዳለው የቂርቆስ ገዳም የሚሄዱ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በጀልባ ይሻገራሉ። ውኃ ሲሆን መሻገሪያው ለሁሉ ይታያል፤ ከጊንጪና ከጉደር የሚመጣው ሰው የሚሻገረው ግን አይታይም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስብ። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ባለሥልጣን ስለሆነ ሠረገላ አለው፤ ፊልጶስ ግን በእግሩ እየሮጠ ነው የደረሰበት። ጃንደረባው እግረኛውን ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ወንጌልን የሰማው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ስለ ጥምቀቱ ብዙ ሰብከናል፤ ስለ ወንበሩ ግን እምብዛም።

የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተነሳ፣ ታሪፉም አብሮ እየጨመረ መጥቷል። ጡረተኛ አባትና የቀን ሠራተኛ ወንድም የመጓጓዣውን ብርና የመባውን ብር ከአንድ ኪስ ነው የሚያወጡት። «በስልክ ስብከት ይስሙ» የሚሉ አሉ። ስልክ ለታመመ ሰው በረከት ነው፤ የጌታን እራት ግን አያቀርብም፣ እጅም አይጭንም።

ስለዚህ የአጥቢያ ሽማግሌዎችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የአምልኮ ሰዓት ሲወሰን መጀመሪያ ስለ መኪናው ይጠየቅ። በኦሮምኛና በአማርኛ ሁለት ፕሮግራም ያላቸው አጥቢያዎች ከሩቅ የሚመጣው የበዛበትን ሁለተኛ ያድርጉት። ማስታወቂያውም ይጠር፤ ከቀትር በኋላ ወደ ገጠር የሚመለስ መኪና ያንሳልና። መኪና ያለን ደግሞ ቅዳሜ ማታ ለአንድ አረጋዊ እንደውል፤ «ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት በር ላይ ይጠብቁኝ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።