ሥራህ ምንድን ነው?

ባለፈው ለፋሲካ ይጁቤ ስገባ አክስቴ «ቆይ ግን ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር ነኝ» አልኳቸው። ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ቀረጻ እመራለሁ፣ ሙዚቃ እመርጣለሁ ብዬ ስዘረዝርላቸው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብለው አፌን አስያዙኝ!

እውነቱን ለመናገር ተረቱ ያሰጋኛል። ሁሉን ነካክቶ አንዱንም ሳይዙ መቅረት አለ። ግን እስቲ የዚያው የጎጃም ልጅ የሆኑትን ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን እንያቸው። ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ ተማሩ። አዲስ አበባ መጥተው አስተማሩ፣ «አፋጀሽኝ»ን የመሰሉ ቴአትሮች ጻፉ፣ አዘጋጁ፣ መዝሙር ደረሱ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይዘመር የነበረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም በስማቸው ይጠራል። በ1928 ጣልያን ሲወርረን ደግሞ ስደቱንም ቀመሱት። ታዲያ ሥራቸው ምን ነበር እንበል?

እኔ እንደሚመስለኝ ዮፍታሔ ብዙ ዛፍ ላይ አልወጡም። ዛፉ አንድ ነው፤ ቅኔ። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ማንም በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይዘርፍም። እኛ ግን ሦስት ወር ሳንሠራ «ዳይሬክተር» የሚል ካርድ እናሳትማለን።

የኔ ግንድ ጽሑፍ ነበር። ስብሰባና ቀረጻ ሲበዛብኝ ከተውኩት ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አክስቴ የነኩት ይህን ቁስል ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እጽፋለሁ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እናንተስ? ግንዳችሁ የቱ ነው?