የዱንጉዛው ባለቤት ማን ነው?

አንድ ሕዝብ በላቡ ያፈራውን ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ ከዕቃው ጋር ስሙንም ይልካል። ዕቃው ተሽጦ ስሙ በየመንገዱ ከጠፋ ልውውጥ ተደረገ ለማለት ያዳግታል። ስለ ውጭ ንግድ፣ ስለ ቱሪዝምና ስለ ባህል ልውውጥ በሚመከርባቸው ስብሰባዎች ግን ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ የሚነሣው የመንገዱ፣ የሆቴሉና የአውሮፕላን ማረፊያው ጉዳይ ነው። የእነዚህ አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በመንገዱ የሚወጣው ዕቃ ተገቢውን ዋጋ ይዞ ካልተመለሰ ለአምራቹ የሚተርፈው አቧራው ነው።

ጉዳዩን ግልጽ አድርጎ ለማየት አርባ ምንጭንና የጋሞ ዞንን እንውሰድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር የሚገኘው ይህ አካባቢ ለጎብኚ የሚያሳየው አላጣም። አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ በሁለቱ መካከል የተዘረጋው የእግዜር ድልድይ፣ በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ፣ በጫሞ ዳርቻ አዞዎች ተኮልኩለው ፀሐይ የሚሞቁበት «የአዞ ገበያ» ሁሉም የታወቁ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 በዚሁ ፓርክ መንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች ወፍ የተወሰደ አንድ ክንፍ፣ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ዝርያ መኖሯን ለማሳወቅ በቅቷል። የወፍ ወዳጆችም እርሷን በሌሊት ለመፈለግ ባሕር አቋርጠው መጥተዋል። አንዲት ክንፍ ይህን ያህል ካስተዋወቀች፣ ሕያው የሆነ ሕዝብ ምን ያህል ባስተዋወቀ ነበር!

በባህልና በዕውቀት ረገድም ጋሞ ለዓለም የሰጠው ጥቂት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለ ዋሻ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው አጽም ተቆፍሮ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. የምርምሩ ውጤት ሲታተም ሙሉ የዘር ውርሱ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ይኸው ሰው ሆነ። ስሙንም ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገድለው በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። ይህን ያየ ሁሉ ተደንቋል። ወደ ዶርዜ ለሚወጣ ጎብኚ ግን በአመዛኙ የሚቀርብለት የዝሆን ቅርጽ ያለው ቤት፣ ቆጮና ጭፈራ ነው። ቤቱም ቆጮውም የሚያኮሩ ናቸው፤ ነገር ግን እንግዳው ስለ ባይራም ሆነ በዱቡሻ ስለሚካሄደው የዕርቅ ሸንጎ ሳይሰማ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከተመለሰ፣ ያየው የጋሞን ገጽ እንጂ የጋሞን ሰው አይደለም።

በንግድ በኩል ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። የአርባ ምንጭ ሙዝ ጥሬውን ተቆርጦ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዝና አዲስ አበባ ደርሶ ይበስላል፤ ከገበሬው ማሳ እስከ ሸማቹ ዘንቢል ድረስ ስንት እጅ እንደሚነካው ደላላው ያውቃል። በአባያ ዳር የሚገኘው የአዞ እርባታ ቆዳውን ወደ ውጭ ሲልክ ኖሯል፤ ቦርሳውን ሰፍቶ ዋነኛውን ትርፍ የሚያፍሰው ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ የሚከብደው በሽመናው ላይ ነው። ጥጡን ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ድርና ማጉን አያይዘው ይሸምናሉ፤ ይህ ሙያ ከዶርዜና ከአካባቢው ደጋ ተነሥቶ በእንጦጦ ግርጌ እስከ ሽሮ ሜዳ ከዘለቀ ብዙ ትውልድ ሆኖታል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቁበት ዱንጉዛ ዛሬ የጋሞ መታወቂያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየበዓሉ ሌላውም ወገን የሚለብሰው ሆኗል። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለ በአንድ ሱቅ መስኮት ያንኑ ጥለት በአንገት ልብስ ላይ አይቶ በናፍቆት ገባ። ጨርቁ በመኪና የታተመ ነበር። ከጫፉ የተሰፋችው ወረቀት «የአፍሪካ ጥለት» ከማለት በቀር የጋሞንም፣ የኢትዮጵያንም ስም አልያዘችም። ሻጩን ብጠይቀው ከየት እንደ መጣ አያውቅም፤ እውነት ለመናገር፣ እኔም በዚያን ጊዜ ከቀለሙ በቀር ስለ አሠራሩ ላስረዳው አልቻልኩም ነበር።

ዛሬ በውጭ አገር ፋብሪካ የአገር ልብስ ጥለት የታተመበት ርካሽ ጨርቅ በገዛ ገበያችን እንደ ልብ ይሸጣል። ደመወዙ ከወር ወር አልደርስ ብሎት ለልጁ የበዓል ልብስ ይህን የሚገዛውን ሠራተኛ የምንወቅስበት ምክንያት የለም። ሸማኔው ለሳምንታት የደከመበትን ልብስ ዋጋ ፋብሪካው በአንድ ሰዓት ከሚያትመው ጋር ማስተካከል አይቻልም። ስለሆነም ትግሉ በርካሽነት ሳይሆን በስም ላይ መሆን ይገባዋል፤ በእጅ የተሸመነው በእጅ መሸመኑ፣ ከጋሞም መሆኑ በግልጽ ይታወቅ።

ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አገራችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስን ከመሰለ ግዙፍ ኩባንያም ጋር ክርክር ተነሣ። በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ወር ኩባንያው የኢትዮጵያን የስም ባለቤትነት የሚቀበል ስምምነት ፈረመ። እርግጥ ነው፣ ስምምነቱ ብቻውን የገበሬውን ጎተራ አልሞላም። ነገር ግን ስም እንደ መሬት ባለቤት ያለው ሀብት መሆኑን አስረድቷል።

ለሸማኔውም ሕጉ በር አለው። የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚመለከተው የ1987 ዓ.ም. አዋጅ አዲስነትን ስለሚጠይቅ ከአባቶች ለወረደ ጥለት እምብዛም አይመችም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ግን አንድ ማኅበር ለአባላቱ ሁሉ የሚያገለግል የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም በቀረጥ ቅናሽ ለመጠቀም ዕቃው የት እንደ ተሠራ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ተበታትኖ በየጓዳው የሚሸምን ሰው ይህን ማስረጃ ከየት ያመጣል? የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ርዝመቱን የሚለካ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ የሚፈትሽ፣ ምልክቱን የሚያትም፣ ያጓደለውንም አባል የሚገሥጽ ማኅበር። የሸማኔውን ጉድለት ሸፍነን የነጋዴውን ብቻ ብንዘረዝር ራሳችንን እናታልላለን።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ከጋሞ ደጋ ሕፃናትን «ሙያ እናስተምራለን፣ ትምህርት ቤት እናስገባለን» እያሉ ከወላጆቻቸው ወስደው በአዲስ አበባ ሸማ ላይ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚያስቀምጡ ሰዎች መኖራቸው ከታወቀ ቆይቷል። በሕፃን እጅ የተሸመነ ዱንጉዛ ላይ የምናትመው ምልክት ምን ብሎ ሊመሰክር ነው? የውጭ ገዢም ቢሆን ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ እርሱ ሳይጠይቅ እኛ ልንጠይቅ ይገባን ነበር። ይህን ደግሞ ከሩቅ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ቀድሞ አያውቀውም። እኩለ ሌሊት ሲሆን የመወርወሪያ ድምፅ የሚሰማበትን ቤት፣ ጧት ደብተር ይዞ የማይወጣውን ልጅ የሚያውቀው የሰፈሩ ነዋሪ ነው። ስለ ጋራ ምልክቱ በሚመከርበት በመጀመሪያው የማኅበር ስብሰባ ላይ በቅድሚያ የዚያ ቤት ጉዳይ ይነሣ።