ደጅ ጥናት በአዳራሽ ውስጥ

ደጅ መጥናት የሚባለው ልማድ ከባላባቱ ሥርዓት ጋር አብሮ የተቀበረ ይመስለን ነበር። አልተቀበረም። ባነር ተሰቅሎለት፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ‹‹የሥራ ዐውደ ርእይ›› የሚል ዘመናዊ ስም ወጥቶለት ወደ አዳራሽ ገብቷል። ድሮ ባለጉዳይ ጋቢውን አጣፍቶ ከሹም ደጅ ይቆም ነበር። ዛሬ ዲግሪ የጫነ ወጣት ‹‹የማይመለስ ፎቶ ኮፒ›› የሞላበት ፖስታ አቅፎ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዞራል። ማታ በዜና ስንት ሺሕ ወጣት እንደተገኘ ይነገረናል። ስንቱ እንደተቀጠረ የሚነግረን ግን የለም።

ውድ አንባብያን፣ ክርክሬ ዐውደ ርእዩ ይቅር የሚል አይደለም። ይልቁንም ምንነቱ በትክክል ይታወቅ ነው የምለው። የሥራ ዐውደ ርእይ ሥራ የሚታደልበት ቦታ አይደለም፤ ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ የሚሄዱት ዋጋ ለመጠየቅም ጭምር ነው። ዋጋ የማይነገርበት ገበያ ግን ገበያ መሆኑ ይቀርና የምጽዋት ሰልፍ ይሆናል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ድርጅቶችንና ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን ፊት ለፊት የሚያገናኝ ዐውደ ርእይ በሙከራ መልክ አዘጋጅተው ውጤቱን ተከታተሉ። የተገኘው ቅጥር ሲቆጠር፣ ከተሳተፉት ወደ አሥር ገደማ ድርጅቶች አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱስ? ሁለቱም ወገኖች በተሳሳተ ግምት ነበር የተገናኙት። ሥራ ፈላጊው የጠበቀው ደመወዝና ቀጣሪው ያሰበው ደመወዝ አልገጠሙም፤ የቀጣሪው መስፈርትም የሥራ ፈላጊውም ብቃት ሌላው ወገን ከገመተው የተለዩ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ሁለቱም ወገኖች ግምታቸውን አስተካክለው ፍለጋቸውን በመደበኛው መንገድ አጠናከሩ። ዐውደ ርእዩ ሥራ አልሰጠም፤ ዕውቀት ግን ሰጠ። እንግዲህ ዐውደ ርእይን ከዕውቀት ባዶ አድርጎ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ያለችውን አንዲት ጥቅም ነው የሚሰርቀው።

የመጀመሪያው ተጠያቂ አዘጋጁና ባለሥልጣኑ ነው። የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከመጠቃለሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን የሥራ ዕድል ይፈጠራል የሚል ዕቅድ ነበረው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት ደግሞ የከተማውን ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የቆመ ሹም የሚያሳየው ነገር ቢቸግረው፣ የተሰበሰበ ሕዝብ ማሳየቱ አይገርምም። ሆኖም በታዳሚ ብዛት የሚመዘነው ሠርግ ነው፤ ሠርግ እንኳ ሙሽራ አለው! አዘጋጆች ሆይ፣ ከዐውደ ርእዩ ሦስት ወር በኋላ ስንት ሰው እንደተቀጠረ፣ በስንት ብር እንደተቀጠረና ስንቱ በሥራው ላይ እንዳለ አሳውቁን። ይህን ለማሳወቅ የማይደፍር፣ ከኮዬ ፈጬና ከጀሞ የታክሲ ገንዘብ ተበድሮ የሚመጣውን ወጣት ለፎቶግራፍ ማድመቂያ ባይጠራው ይሻላል።

ሁለተኛው ቀጣሪው ነው። አንዳንዱ ድርጅት ክፍት የሥራ መደብ ሳይኖረው ለስሙ ሲል ብቻ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ የሰበሰበውን ማስረጃም መጋዘን ይጥለዋል። መደብ ያለውም ቢሆን ከማስታወቂያው ግርጌ ‹‹ደመወዝ፦ በስምምነት›› ብሎ ይጽፋል። ስምምነት ማለት እኮ ሁለት ወገን የሚያውቁትን ነገር ተነጋግረው ሲወስኑ ነው። አንዱ በጀቱን በመሳቢያው ቆልፎ፣ ሌላው የቤት ኪራዩን እያሰበ በጨለማ ቁጥር ሲጠራ ምኑ ነው ስምምነቱ? ለጀማሪ መደብ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ መጠየቁስ፣ ሳይዋኙ መዋኘትን ተምራችሁ ኑ ከማለት በምን ይለያል?

ሦስተኛው እኛው ሥራ ፈላጊዎቹና ተመራቂዎቹ ነን። ሃምሳ ፎቶ ኮፒ በትኖ መመለስ ሥራ ፍለጋ አይደለም፤ ዕጣ መግዛት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሚሳተፉትን ድርጅቶች ዝርዝር ፈልጋችሁ አምስት ስድስቱን ብቻ ምረጡ፤ ምን እንደሚሠሩ አጥኑ። ከጠረጴዛው ፊት ስትቆሙም እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ዛሬ ክፍት የሆነው መደብ የትኛው ነው? ስንት ሰውስ ትፈልጋላችሁ? ‹‹ወደፊት እናያለን›› ከተባላችሁ ‹‹ላም አለኝ በሰማይ›› ነውና ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ሁለተኛ፣ የመነሻ ደመወዙ ስንት ነው?

ሦስተኛ፣ ባለፈው ዓመት የሥራ ልምድ የሌለው ሰው ቀጥራችኋል? እሱን ያስመረጠው ምን ነበር?

አራተኛ፣ ውሉ ምን ዓይነት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተለይ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በስተቀር የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለቋሚ ሥራ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል የሚያቀርብላችሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

ያነጋገራችሁን ሰው ስምና አድራሻ ይዛችሁ በሳምንቱ ውስጥ ጻፉለት። የምትችሉትንም አሳዩ፤ የሠራችሁት የሒሳብ መዝገብ፣ ንድፍ ወይም የጻፋችሁት ፕሮግራም ካለ ይዛችሁ ቅረቡ። እነዚያው ተመራማሪዎች በዚሁ ከተማ ባደረጉት ሌላ ጥናት፣ ችሎታቸው ተፈትኖ ማስረጃ የተሰጣቸውና የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ያገኙ ወጣቶች ከአራት ዓመት በኋላም የተሻለ ገቢ ነበራቸው። ለሥራ ፍለጋ የትራንስፖርት ድጎማ ብቻ የተሰጣቸው ግን መጀመሪያ ያገኙት ጥቅም በጊዜ ብዛት ጠፋ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ብዙ ደጅ መርገጥ ብቻውን አያዘልቅም፤ የሚያዘልቀው ችሎታን በሚታይ መልኩ ማስመስከር ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰማችሁትን ደመወዝ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ። ደመወዝን መደበቅ ጨዋነት ነው ብሎ ያስተማረን ማን ነው? በምስጢር የተያዘ ደመወዝ የሚጠቅመው ከፋዩን ብቻ ነው። አሥር ተመራቂ በአንድ ማስታወሻ ደብተር የሰበሰበው ዋጋ፣ አሥር የተናጠል ልመና ከሚያመጣው የበለጠ ጉልበት አለው።

‹‹ሥራ ያጣ ሰው እንዴት ጠያቂ ይሆናል? ቢጠይቅስ ማን ይመልስለታል?›› የሚሉ አሉ። የሰው ፊት እሳት መሆኑን አልክድም። ጥያቄ ጠይቆ ፊት የሚነሣውም አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ ሲጠይቅ ደፋር ይባላል፤ በሰልፉ ያለው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ግን ደንብ ይሆናል። የመነሻ ደመወዙን የማይናገር ድርጅት ጠረጴዛው ባዶውን ቢውል፣ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ እንደሚመጣ አትጠራጠሩ።

ዐውደ ርእይ ኢኮኖሚው ያልፈጠረውን ሥራ አይፈጥርም። ቢያንስ ግን እውነቱን ሊነግረን ይችላል፤ ስንት ሥራ እንዳለ፣ በስንት ብርና ለማን። ይህንን መጠየቅ የሥራ ፈላጊው መብት፣ መመለስም የጠራው ግዴታ ነው። ይህን የማይመልስ አዳራሽ ጣራ የተሠራለት ደጅ ጥናት እንጂ ሌላ አይደለም።

ቸር ይግጠመን።