የምጣዱ ቦታ የት ነው?

የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ በሩ ላይ እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ ሁሉም ይገባና ዝም ይላል። ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ነው፤ ከግድግዳው ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ማድ ቤት የተባለው ክፍል ከአንድ ቧንቧ በቀር ምንም የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ዋጋ ለመቀነስ ሲል አብዛኛውን ፊኒሺንግ ለባለቤቱ ትቶለታል። ዝምታውን የሚሰብረው ብዙ ጊዜ አንድ አጎት ነው፦ «ሶፋው እዚህ፣ ቴሌቪዥኑ እዚያ!»

ስህተቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ሳሎኑ አስቀድሞ ይታሰብለታል፤ በየሦስትና በየአራት ቀኑ እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ ግን መጨረሻ ላይ ይታወሳል። የዚህ ዓምድ ሐሳብ ተቃራኒው ነው፤ አዲስ ቤት መሟላት ያለበት ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ነው።

ምጣዱ ጥሩ ማሳያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሁን በየመደብሩ የሚሸጠው ኪችን ካቢኔት ደግሞ ከግድግዳው ወደ ፊት የሚወጣው ያንኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ምጣዱ ከነእግሩና ከነአክንባሎው ሲቀመጥበት ጠርዙ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ሲንክና ምድጃም ቦታ ይሻሙታል። ስለዚህ ብዙ ሺህ ብር የወጣበት ካቢኔት ፊት ለፊት ምጣዱ በረንዳ ላይ ወይም ኮሪደር ውስጥ መሬት ተቀምጦ ይገኛል።

ቦታው ቢገኝ እንኳ የኃይሉ ጉዳይ አለ። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ባለ 16 አምፒር ሶኬት በ220 ቮልት መሸከም የሚችለው 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ሶኬቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል በአቅሙ ጫፍ ላይ ሲሠራ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከማከፋፈያው ሳጥን የራሱ ብሬከር ያለው፣ ወፈር ያለ ሽቦ ለብቻው መዘርጋት። ከልስን በፊት ከሆነ ወጪው የጥቂት ሜትር ሽቦና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ ግን ግድግዳ መሰበሩ አይቀርም።

እንፋሎቱም መታሰብ አለበት። ካቢኔቱ ከኤምዲኤፍ ከተሠራ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ላሚኔትም ይላቀቃል። ምጣድ ያለ መስኮት ከካቢኔት ሥር ከዋለ፣ በሮቹ አልዘጋ ማለት የሚጀምሩት ቀለሙ ሳይደበዝዝ ነው።

የድሮው ሰው በዚህ ነገር ይበልጠን ነበር። የገጠር ጎጆ ሲሠራ ምድጃው፣ መደቡና ጎታው አብረው ይሠራሉ፤ ቤቱ ሲያልቅ ዕቃው ግማሽ በግማሽ ገብቷል ማለት ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ጥበብ ሆኗል። በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት መቀመጫው አምስት ደረጃ መደብ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የታወቀ ነው። ዕቃው ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈሉ መደርደሪያዎች ይቀመጣል፤ ስፌቶቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ጌጥ ይሆናሉ፤ ሲፈለጉ ደግሞ ይወርዳሉ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ በጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ማስተናገድን ከማንም ካታሎግ በተሻለ ታስተምራለች።

አሁን ወደ ሶፋው። ኤል ቅርጽ ያለው ትልቅ ሶፋ መደብሩ ውስጥ ትንሽ ይመስላል፤ መደብሩ አዳራሽ ነዋ! በጠባቡ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን በሩንም በረንዳውንም ይዘጋል። ደረጃው ላይ መታጠፍ አቅቶት በገመድ ታስሮ በበረንዳ ሲጎተት፣ ሕፃናት ከታች ሲያጨበጭቡለት ማየት ለኮንዶሚኒየም ሰፈር ሰው አዲስ አይደለም። ከመግዛት በፊት የሶፋውን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሮ አንድ ቀን በዙሪያው መመላለስ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በዚያው ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ረከቦቱ የት ሊቀመጥ ነው? ቡና የሚፈላበት ጥግ ያልተተወለት ሳሎን ውስጥ የከሰል ምድጃው አዲሱ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ይሰየማል፤ በሳምንቱ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ትታያለች።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የጥድፊያ ዋጋው ከብዷል። ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክ፣ ማጠፊያም ሆነ ኤምዲኤፍ ያንኑ ተከትሏል። የቤት ኪራይ እየከፈለ የባንክ ዕዳ የጀመረ ቤተሰብ ሁሉን በአንድ ወር ልግዛ ቢል አይችልም፤ ደግሞም አያስፈልገውም። ያገለገለ የወንዛ ቡፌ ገዝቶ በአናጢ አስጠግኖ ፖሊሽ ማስመታት አለ። ወንዛ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበርና፣ አሮጌውን ማደስ ለኪስም ለደንም ይበጃል።

በገንዘቡ ሊቀድሙ የሚገባቸው ነገሮች እንግዳ አይቶ የማያደንቃቸው ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሮቶ ቦታና ክብደቱን የሚችል ወለል ያስፈልጋል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሴራሚክ ሳይለብስ ውኃ ተሞልቶበት አንድ ቀንና ሌሊት ማደር አለበት፤ በማግስቱ የታችኛውን ፎቅ ጎረቤት አንኳኩቶ ኮርኒሱን ማየት ነው። አዲስ ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ቀለሙ እየተነፋ ይላጣል። መጋረጃውና የቴሌቪዥን ማስቀመጫው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይደርሳሉ፤ የቤት ምርቃት ዕለትም ብርጭቆውና የግድግዳ ሰዓቱ በስጦታ መምጣታቸው አይቀርም።

ቁልፍ የተረከባችሁ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት ወደ ሶፋ መደብር ከመሄዳችሁ በፊት ኤሌክትሪሽያኑን ጥሩት። ግድግዳው ገና አልተለሰነምና የምጣዱን መስመር አሁኑኑ ያውጣላችሁ።